በአንድ ትዕይንት ሁለት ቀሚስ

ባለፈው ቅዳሜ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን እያየ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ልጅ ብቻውን እንዲህ ከሳቀ ደህና ነገር አይደለም ብዬ (መጠርጠር ከልጅነቴ ጀምሮ ያልለቀቀኝ አመል ነው) ከኋላው ሄጄ ባጮልቅ፣ መዳፍ በማታህለው የስልክ መስታወት ውስጥ የሠላሳ አራት ዓመቷ እናቴ ቆማለች። ማን እንደሆነ የማናውቀው ሰው እናቴ የተወነችበትን የድሮ ፊልም ከቪዲዮ ካሴት ገልብጦ ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል፤ ከሥሩ ደግሞ የማያውቁን ሰዎች የፊልሙን ጉድለት እየተቀባበሉ ይሳለቃሉ። «ማም፣ ኢዝ ዛት አያቴ?» አለኝ ልጄ።

ፊልሙን የሠራው ጋሼ ታምራት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሊንደን የሚባል ሰፈር ውስጥ ከእኛ አፓርትመንት ሁለት በር አለፍ ብሎ የሚኖር፣ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘን (ዌርሃውስ) ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ የሚከርም፣ ቅዳሜ ሲደርስ ግን አሮጌ ካሜራውን ተሸክሞ ጎረቤቱን ሁሉ ተዋናይ ካላደረግኩ የሚል ወንደላጤ ነበር። ታሪኩ ዓለም ከጠፋች ከመቶ ዓመት በኋላ ብቻውን የተረፈ አንድ ሰው በጊዜ ማሽን ወደ ድሮው ተመልሶ፣ ጥፋቱ ሳይደርስ አንዲት ሴት ለማዳን የሚያደርገው ጉዞ ነው። ሰውየው ራሱ ጋሼ ታምራት፣ ሴትዮዋ እናቴ ናት። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ መኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉንም በመስኮት እከታተላለሁ።

የሚሳለቁት ሰዎች እውነታቸውን ነው። የጊዜ ማሽኑ አንድ ላውንድሪ ጓሮ ተጥሎ የተገኘ የልብስ ማድረቂያ ነው፣ በፎይል የተጠቀለለ። ጋሼ ታምራት ቁመተ ረጅም ስለሆነ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ግራ እግሩ ብቻ አልገባ ብላው ውጭ ቀረች፤ ስለዚህ ሰውየው ወደ ድሮው ሲመለስ አንድ እግሩን ጥሎ መጣ ማለት ነው። ካሜራውን የሚይዝለት ስለሌለ አቁሞት እየሮጠ ስለሚገባ፣ የዓለም የመጨረሻው ሰው በየትዕይንቱ እያለከለከ ነው የሚናገረው። «የሰው ዘር አለቀ!» ብሎ በሚያለቅስበት ቦታ ከጀርባው ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ይቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ አንዷማ ጭራሽ ለካሜራው እጇን ታውለበልባለች። ከሁሉም በላይ ግን የሚስቁት በአንድ ትዕይንት መሀል ድንገት በሚቀየረው የእናቴ ቀሚስ ነው።

እኔ ያኔ የምጠረጥረው ሌላ ነገር ነበር። አውቶቡሱን «ይለፍ፣ ማን ያየዋል» ብሎ የሚተው ሰው፣ እናቴ ያለችበት ትዕይንት ሲሆን «አስካለ፣ እስቲ አንዴ ብቻ እንድገመው» እያለ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ለምንድን ነው? ስሟን ሲጠራስ ድምፁ ለምን ይለሰልሳል? አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እናቴ ግን ጥቁሯን አላወለቀችም። በአገር ቤት ቢሆን ዓመቱ ሲሞላ ዘመድ አዲስ ቀሚስ ይዞ መጥቶ «በቃሽ» ብሎ ከሐዘን ያወጣት ነበር። ኮሎምበስ ውስጥ ዘመድ የላትም፤ በገዛ እጇ ማውለቅ ደግሞ ባሏን ቶሎ የረሳች ያስመስላታል። እኔ በበኩሌ እንድታወልቀው አልፈልግም ነበር። ጥቁሩን እስከለበሰች ድረስ የአባቴን ቦታ ማንም አይወስድም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ ሰውየውና ሴትዮዋ የሚገናኙበት ትዕይንት እየተቀረጸ መሀል ላይ ሲደርስ፣ ጋሼ ታምራት ካሜራውን አጥፍቶ ለእናቴ አንድ የወረቀት ከረጢት ሰጣት። ምን ብሎ እንደሰጣት አልተሰማኝም። እናቴ ከረጢቱን ከፍታ አየች፤ ከዚያ ወደ መኪናው መጥታ «ፊትሽን አዙሪ» አለችኝ። ስዞር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፤ ጥቁሩ ተጣጥፎ ከጎኔ ተቀምጧል። ትዕይንቱ ካቆመበት ቀጠለ። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ጋሼ፣ ቀሚሷ እኮ ተቀየረ!» ስለው፣ «ታይም ትራቭል አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» ብሎ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት ስለማላውቅ ፈራሁ።

ፊልሙ የታየው ሞርስ ሮድ ላይ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። እናቴ ሰማያዊውን ለብሳ መጣች። ሰዉ በማድረቂያው ሳቀ፣ በአውቶቡሱ ሳቀ፣ ጋሼ ታምራትም አብሮ ሳቀ። ቀሚሱ ጋ ሲደረስ አንድ ተጫዋች ሰውዬ «ታምራት፣ ዓለም ሲጠፋ ልብስ ቤቱ ብቻ ነው እንዴ የተረፈው? ማን ቀየራት?» አለ። እኔ ብድግ አልኩ። «እሱ ነው ያመጣላት! መኪና ውስጥ ነው የቀየረችው!»

ዘመድ ያልሆነ ወንድ ባሏ ለሞተባት ሴት ቀሚስ ሰጥቶ ጥቁሯን ሲያስወልቃት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ለነበሩት ሴቶች ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ሁሉም እናቴን አዩ። ጋሼ ታምራትም ዞሮ አያት፣ ቆሞ ጠበቀ። እሷ እጆቿን እያየች ዝም አለች። በማግሥቱ ጥቁሯን መልሳ ለበሰች፤ እኔ ከኮሌጅ እስክመረቅ ድረስም ከላይዋ አልወረደም። ጋሼ ታምራት ዓመቱ ሳያልቅ ሲያትል ገባ ሲባል ሰማን። ሌላ ፊልም ይሥራ አይሥራ አላውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ እኛ ጋ ስለምትውል፣ ልጄ ከኩሽና ጠርቶ አሳያት። መነጽሯን አድርጋ አየች፤ በጋሼ ታምራት ግራ እግር ከልቧ ሳቀች። ቀሚሱ ጋ ሲደርስ «እስቲ መልሰው» አለችው። አሁንም አሁንም አስመለሰችው። ልጄ ሰልችቶት ሲወጣ ድፍረቴን ሰብስቤ፣ «እማዬ፣ ያን ቀን እኔ አፌን ይዤ ብቀመጥ ኖሮ…» ስላት አላስጨረሰችኝም።

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። «ዞሮ ያየው እኔን ነው። አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።» ይህን ብላ ጎመኗን ልትከትፍ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

እኔ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያኔ እሷ ከነበረችበት ዕድሜ አራት ዓመት አልፌያለሁ። በእኔ ዕድሜ እሷ ጥቁር ለብሳ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ ነበር። የነገረችኝ እውነቱን ይሁን፣ ወይስ እኔን ከጸጸት ልታወጣኝ ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ ይሁን አላውቅም፤ እስካሁን እጠረጥራታለሁ።