የካርድ ክፍሉ ጌታ ሲሰለፍ

ሰው ሁሉ የሚችለው አንድ ነገር አያጣም። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዷ ትሰፋለች፣ አንዱ የቆመ መኪና ያስነሳል። እሱ ደግሞ «አይቻልም» ማለት ይችላል። ያውም እንዴት አድርጎ! ቃሉን በምላሱ አገላብጦ፣ አጣጥሞ፣ እንደ ከረሜላ መጥጦ ነው የሚተፋብህ።

ፊት ለፊት «ጌታው» እንለዋለን። እሱ አክብሮት ይመስለዋል። ይምሰለው።

ከእኔ ጋር አንድ ሰፈር ነው ያደገው። ትምህርት ቤት የክፍል አለቃችን ነበር፤ የጠመኔ ሳጥኑ ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ይውላል። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪያችን ጠመኔ አልቆባቸው ሌላ ቢጠይቁት «ጠዋት የወሰዱት የት ደረሰ?» ብሎ አፋጠጣቸው። አስተማሪውን! ሽማግሌው ሰውዬ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ዛሬም ይታዩኛል። የዚያን ቀን ሒሳብ በቃል ተማርን። ከክፍላችን አንድም መሐንዲስ ያልወጣው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ካደገ በኋላ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጠረ፤ እሱና ካርድ ክፍሉ እጅና ጓንት ሆኑ። ከበላዩ ከነበሩት አንዱ ጡረታ ወጣ፣ ሌላው ተዛወረ፣ አንዷ አግብታ ከተማ ቀየረች። እሱ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ፣ ወንበሩ ራሱ ይዞት አድጎ፣ ኃላፊ አደረገው። ምንም አልሠራም ብዬ ግን ስሙን አላጠፋም። አንድ ነገር ሠርቷል፤ የመስኮቱን ቀዳዳ ዝቅ አስደርጓል።

የካርድ ክፍሉ መስኮት ሙሉ መስታወት ነው። ድሮ መነጋገሪያው ቀዳዳ በአፍ ትይዩ ነበር። «አቧራ ይገባል» ብሎ አስደፈነውና እምብርት ትይዩ ሌላ አስቆረጠ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚጠይቅ ሁሉ አጎንብሶ ነው የሚጠይቀው። ነፍሰ ጡሯም፣ ወገቡን የታሰረው ሽማግሌም እጥፍ ይሉለታል። እሱ ከውስጥ የሚታየው የሰው አናት ነው። በከተማው ማን ሊመለጥ እንደጀመረ እንደ እሱ የሚያውቅ ፀጉር አስተካካይ እንኳ የለም።

ቤቱም ያው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀሚሴን ሁሉ የምትሰፋልኝ እሷ ስለሆነች ጉዱን ከእሷው ነው የምሰማው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ኪሱ ከቶ ይሄዳል፤ «ባትሪ እንዳትጨርሱ» ይላል። አንዴ ስብሰባ ላይ እስክሪብቶ አወጣሁ ብሎ ሪሞቱን የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ላይ ደግኖባቸዋል አሉ። ሳላየው በመቅረቴ የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው እጅ ላይ የእህቴ ነፍስ ወደቀች።

እትዬ፣ ማለት ታላቅ እህቴ፣ የሐሞት ጠጠር አለባት። ሕመሙ ሲነሳ ትራሱን ትነክሳለች። በሌላ ሆስፒታል ያሉ አንድ ቀዶ ሐኪም መውጣት አለበት ብለው ቀን ቆረጡላት። ነገር ግን ድሮ በእኛው ሆስፒታል ሌላ ቀዶ ጥገና ስታደርግ የተሰጣት ማደንዘዣ አልስማማ ብሏት፣ ልቧ ቆሞ በስንት መከራ ተመልሶ ነበር። የመድኃኒቱን ስም ግን ያኔ የነገረንም የለ፣ የጠየቅንም የለ።

«እናቴ፣» አሏት ሐኪሙ፣ «የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ሳላውቅ አልነካዎትም። የድሮ ካርድዎ ላይ ተጽፏል፤ ኮፒውን ያምጡልኝ። ይህ ቀጠሮ ካመለጠ የሚቀጥለው ሩቅ ነው፤ ሐሞትዎ ደግሞ ያን ያህል አይታገስም።»

ቀላል ነገር ነው አልን። ታካሚ የካርዱን ኮፒ ሲፈልግ የሚያደርገውን ጠያይቄ ነበር። የትኛውን ሕክምና ኮፒ እንደሚፈልግ ማመልከቻ ይጽፋል፣ መታወቂያውን ይይዛል፣ ራሱ መሄድ ካልቻለ ለዘመዱ ውክልና ይሰጣል። አለቀ። ሁሉን አሟልቼ ሄድኩና አጎነበስኩ።

«ጌታው፣ እንደምን ዋልክ? የእትዬን የቀዶ ጥገና ካርድ ኮፒ ፈልጌ ነበር።»

«ካርድ የሆስፒታሉ ንብረት ነው።»

«ካርዱማ ይቀመጥላችሁ። ኮፒውን ነው ያልኩህ።»

«ውስጡ ያለውም የሆስፒታሉ ንብረት ነው።»

«ውስጡ ያለው የእህቴ ሐሞት ነው!»

«ማመልከቻ» አለ። ሰጠሁት። «መታወቂያ» አለ። ሰጠሁት። «ውክልና» አለ። እሱንም ሰጠሁት። ሁሉም ተሟልቶ ሲያገኘው ፊቱ ላይ የወረደውን ሐዘን ብታዩ፣ ሰው የሞተበት ትሉ ነበር። ወረቀቶቹን አገላበጠ፣ ወደ ብርሃን አነሳ፣ አሸተተ ልበል? ከዚያ ድንገት ፊቱ በራ።

«ባለቤቷ ራሷ ትቅረብ።»

በማግስቱ እትዬን ደግፌ አመጣኋት። ጎኗን ይዛ አጎነበሰች።

«አንተ ልጅ፣ ንፍጥህን የጠረግኩልህ ሰው ነኝ። መቼም አላውቅዎትም አትለኝም።»

«በግል አውቅዎታለሁ እትዬ። በሥራ ግን አላውቅዎትም።»

«እንግዲያው በሥራም እወቀኝ። ይኸው መታወቂያዬ።»

«ፎቶው ላይ ወፈር ብለዋል።»

«አሁን ታምሜ ነዋ፣ አንተ!»

«ይሁን፣ ተቀብያለሁ» አለ፤ በራሱ ቸርነት ራሱ እየተደነቀ። «የቀረው የኃላፊ ፊርማ ነው።»

«ኃላፊው ማን ነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ፈርማ!»

«ፊርማ ሐሙስ ሐሙስ ነው። የኮፒ ማሽኑ ቀለምም አልቋል።»

ጣቱን ወደ ኋላው ቀሰረ። ግድግዳው ላይ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ያለ ክፍል ኃላፊው ፊርማ ምንም ዓይነት ኮፒ አይወጣም። ፊርማ ሐሙስ ብቻ።» እጁ ሳምንቱን ሙሉ ጤነኛ ነው፤ ያፍንጫውን ጫፍ ሲያክ ውሎ ያመሻል፤ የሚፈርመው ግን ሐሙስ ነው። የእትዬ ቀዶ ጥገና ደግሞ ዓርብ ጠዋት ነው። እንደምንም ይደርሳል ብለን ተመለስን። ሌሊቱን ስታቃስት ሰማኋትና ጌታውን ምን እንዳልኩት አልጽፈውም፤ ልጆችም ያነቡታል።

ሐሙስ ማለዳ ስንደርስ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከፊታችን የቆመውን ሰው ከኋላው ሳየው የማላውቀው መሰለኝ። በሆስፒታል ፒጃማ ላይ ኮት ደርቧል፣ ሚስቱ ክንዱን ይዛዋለች። ዞር ሲል ጌታው ነው! ፊቱ አመድ መስሏል። ለካ ከትናንት ወዲያ ደረቱን ይዞት ወድቆ እዚያው ሆስፒታል አስተኝተውት ነበር። ወደ ልብ ሐኪም ሊልኩት የድሮ የልብ ምርመራውን ኮፒ ይዞ እንዲሄድ ታዟል። በጓሮ በር ሊገባ ሞክሮ ነበር፤ ግን ባልደረባ በዚያ እንዳይገባበት ከውስጥ ይቀርቀር ያለው ራሱ ነው፣ ስለዚህ ተቀርቅሯል።

ተራው ደረሰ። ቀዳዳውን አየው። ከውጭ በኩል አይቶት አያውቅም መሰለኝ፣ ግራ ገባው። ከዚያ ኮቱን በአንድ እጁ ሰብስቦ አጎነበሰ። እትዬ በሕመሟ መሃል ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ከውስጥ ያለችው ምክትሉ ናት፤ ስንት ዘመን ስር ስሯ እያለ ሲያመናጭቃት የኖረች፣ ድምጿ ከፍም ዝቅም የማይል ሴት።

«ማመልከቻ» አለች።

«እኔ ነኝ እኮ!»

«በግል አውቅዎታለሁ ጌታዬ። በሥራ ግን አላውቅዎትም።»

ከሰልፉ አንዱ ሳቁን መለሰው፤ ሌላዋ አልቻለችም። ሚስቱ ማመልከቻውንና መታወቂያውን በቀዳዳው አሾለከች። ምክትሏ ቀስ ብላ አየችው።

«የኃላፊ ፊርማ ይቀረዋል።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው!»

«አዎ፣ ሐሙስ ነው። ኃላፊው ግን የሕመም ፈቃድ ላይ ናቸው።»

«ኃላፊው እኔ አይደለሁም እንዴ? አምጪው ልፈርም!»

«ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ አይፈርምም። እሱንም እርስዎ ነዎት የለጠፉት፤ ከበሩ ጀርባ ነው።»

«በእኔ ምትክ አንቺ ፈርሚ!»

«ውክልና አልሰጡኝም። ጠይቄዎት ነበር። ‹ወንበሬ አማረሽ?› አሉኝ።»

ሰውየው በዚህች ምድር ላይ የሚፈርም ሰው አንድ ብቻ አድርጎ፣ ያም ሰው ራሱ ሆኖ፣ ታመመ! እንዲህ ያለ ሞኝ ስንት ዘመን እንደ ጌታ ተለማመንነው።

ይህን ጊዜ ሚስቱ «ቆይ!» አለች። «ምን ፊርማ? ፊርማ የሚባል ነገር የለም እኮ።»

«ዝም በይ» አላት።

«አልልም። ያ ከሆስፒታሉ ያመጣህልኝ ወፍራም ወረቀትስ? ልብስ ቁረጪበት ብለህ የሰጠኸኝ? ስቆርጥበት ስውል በቃሌ ይዤዋለሁ!» እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሰልፉ ሁሉ እየሰማ እንደ ልጅ ግጥም ወረደችው። «‹ማንኛውም ታካሚ ማመልከቻና መታወቂያ ይዞ ሲቀርብ፣ በሥራ ላይ ያለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ የካርዱን ኮፒ ይሰጠዋል። ሌላ ፊርማ አያስፈልግም። ኮፒው የሚዘገየው…› ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። ብብቱ ጋ ተቆርጧል።»

ሆስፒታሉ አሳትሞ መስኮቱ ላይ ይለጠፍ ያለውን ማስታወቂያ፣ ሰውዬው ጥቅልሉን እንዳለ ቤቱ ወስዶ የእጅጌ መለኪያ አድርጎታል! እሷም ስታስታምመው ሥራ እንዳትፈታ ስፌቷን ይዛ መጥታ ኖሮ፣ ቦርሳዋን ፈትሻ ከዚያ ወረቀት የተቆረጠ አንድ እጅጌ መዘዘችና በቀዳዳው አስገባችው። ምክትሏ እጅጌውን ዘረጋችው፣ አነበበችው፣ ጀርባውን አየችው።

«ማኅተም አለው» አለች። «ጌታዬ፣ ይህ እውነት ነው?»

ኩራት ያለው ሰው ያፍራል፤ ኩራት የሌለው ደግሞ እውነቱን ተናግሮ ይገላገላል። እሱ ምን አለ መሰላችሁ? ድምፁን ቀንሶ፣ ዓይኑን ወደ እኛ እያጮለቀ፣ «ለእኔ ተጠቀሚበት» አላት። «ለእኔ ብቻ። በልዩ ሁኔታ።»

«እጅጌው ‹ማንኛውም ታካሚ› ነው የሚለው» አለች። «ደግሞ ነገ ድነው ሲመለሱ እኔን ሊከሱኝ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ይበሉት።»

ደረቱን ይዞ፣ ልቡ እየከዳው፣ አሁንም ይቺን ወረቀት ላለመልቀቅ ፊቱን አዞረ! እትዬ ከተደገፈችው ግድግዳ ተላቃ አጠገቡ ሄደች።

«አንተ ልጅ፣» አለችው፣ «ነገ ጠዋት ቢላዋ ስር ነኝ። መድኃኒቱ ካልታወቀ ወይ አይነኩኝም፣ ወይ ነክተው ይገድሉኛል። አንተም የፊትህን ቀለም አልወደድኩትም። ሁለታችንም ባንሞትስ?»

ወለሉን እያየ «ፊርማ አያስፈልግም» አለ።

«አልተሰማም!» አለ ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«በቀዳዳው ይናገር!» አለች ሌላዋ። «እኛ እንደምንናገረው!»

አጎነበሰ። «ፊርማ አያስፈልግም» አለ ለምክትሉ፣ አፉን ቀዳዳው ላይ ደግኖ። ያን ጊዜ አናቱን አየሁት። ለካ እሱም ተመልጧል።

አለቀ የተባለው የማሽኑ ቀለም አላለቀም ኖሯል። ምክትሏ የእሱን ቀጥሎም የእትዬን ኮፒ አድርጋ ሰጠችን። ቀዶ ሐኪሙ ገጹን ይዘው አነበቡ፣ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አቆሙ።

«ነገ ልንሰጥዎት ያሰብነው ይህንኑ ነበር» አሉ።

እትዬ ገጹን ከእጃቸው ወስዳ መስመሩን አየችው። እኔ ግን ወንበር ፈለግሁ።

ጌታውም አልሞተም፤ ታክሞ ወንበሩ ላይ ተመልሷል። ምክትሏ ያን እጅጌ መስታወቱ ላይ ከውጭ በኩል ለጥፋዋለች፤ ብብቱ እንደተቆረጠ ነው፣ ሰው ግን የሚያስፈልገውን ያነብበታል። ቀዳዳው ያው እምብርት ትይዩ ነው። ለሚያጎነብሰው ሁሉ «ማስታወቂያውን አዩት? እኔ ነኝ ያስለጠፍኩት» ይላል አሉ። ለእኔም መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ያን ቀን ባልፈቅድ ኖሮ እህትሽ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። እስኪጨርስ አልቆምኩም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ነበርኩ። ከንፈሯ ደርቋል። ውሃ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩላት።

«ፈረመ እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ የራሷ ቀልድ ራሷን አሳቃትና ስፌቷን በሁለት እጇ ያዘችው። «አንቺ፣ ውጪልኝ ከዚህ» አለች፣ «ስታዪኝ ይብስብኛል።»