በጋራዡ ግድግዳ ላይ የነበረው ፊት

ባለፈው ወር ልጄ ቦሌ አዲስ በተሠራ ሕንፃ ምድር ቤት የተከፈተ ኤግዚቢሽን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። አንድ ወጣት ሠዓሊ ወለሉ ላይ በአሸዋ ሥዕል ይሠራል፤ ሰው ይረግጠዋል፤ መልሶ ይሠራል። ለጎብኚዎች የምታስረዳው ልጅ «ዋናው ውጤቱ ሳይሆን ሂደቱ ነው፤ ለአገራችን የመጀመሪያው ነው» አለች። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። የሥዕል አስተማሪ ስለነበርኩ የምለው ያለ መስሏት ነው። ውኃ ጠማኝ ብዬ ወጣሁ።

እኛም «የመጀመሪያው ነው» ብለን ነበር። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት እኔና ሰሎሞን የሥዕል ተማሪዎች ነበርን። ያን ጊዜ ኤግዚቢሽን ማለት የተጨበጠ እጅ፣ መዶሻ ያነሳ ላብ አደር፣ ነዶ የታቀፈች ገበሬ ነው። ማርክ የሚሰጠን በዚያ ስለሆነ እኛም እንሥል ነበር። ሰሎሞን ግን የማይሸጥና የማይሰቀል ሥራ ስለሚያሳዩ ሠዓሊዎች ከአንድ አሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ አንብቦ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። አጎቱ ጋሽ መኮንን ወሎ ሰፈር ጋራዥ ነበራቸው። መለዋወጫ ጠፍቶ ሥራው ቀዝቅዞባቸው ስለነበር የኋለኛውን ክፍል ለሁለት ሳምንት ፈቀዱልን።

ጠዋት አንድ የሰፈር ሰው በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ሰሎሞን ፊቱን በከሰል ነጩ ግድግዳ ላይ ይሥላል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ እየገባ ያያል። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋዋለሁ። በማግስቱ በዚያው ላይ ሌላ ፊት። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐዩ የቆርቆሮውን ጣሪያ ያንጣጣዋል። የቤንዚንና የከሰል ሽታ መሀል ተቀምጠን የጋሽ መኮንን ባለቤት የሚልኩልንን ሽሮ በዳቦ እንበላ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌው ሰውዬ መጥተው «የሚሰቀለው የታለ?» አሉና ግድግዳውን ሲያዩ ቆይተው ሄዱ። በማግስቱ ጢማቸውን ተላጭተው መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

በአሥረኛው ቀን ተረኛው ቀረ። ሰሎሞን ጃኬቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ፣ ከአንድ አሮጌ መኪና የተነቀለ መስታወት አቁሞ ራሱን መሣል ጀመረ። ፊቱን ጨርሶ አንገቱ ጋ ሲደርስ ከሰሉ አለቀ።

«ከጎረቤት ልለምን» አለ።

«የሰፈሩ ከሰል ዱቄት ነው። ሾላ ገበያ ሂድና የግራር ከሰል አምጣ» አልኩት።

«ብዘገይስ?»

«ሰዓቱ ሲደርስ አጠፋዋለሁ። አንተ አይደለህ ሕጉን ያወጣኸው?»

ሳቀ። «እንዳትራሪልኝ ታዲያ» ብሎ በሸሚዙ ወጣ። እንደምወደው ነግሬው አላውቅም ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ እነግረዋለሁ እል ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም። ጨርቁን ነከርኩና ከግንባሩ ጀምሬ አጠፋሁት። እንዲያውም ቃሌን በመጠበቄ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ወሬው በማግስቱ ደረሰን። መገናኛ ላይ ለውትድርና ወጣት ሲታፈስ እሱም ተጭኖ ሄዷል። ቢያሳያቸው ይለቁት የነበረው የተማሪ መታወቂያው ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ጋሽ መኮንን ይዘውት ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ፤ በመጨረሻ ወደ ማሠልጠኛ ተልኳል ተባሉ። ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ደብዳቤው መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም።

በሳምንቱ እናቱ እትዬ የሺ ጋራዡ መጡ።

«ራሱን ሥሎ ነበር አሉኝ። እስቲ አሳዪኝ ልጄ።»

ግድግዳው ላይ የአሥር ሰው ፊት ተደራርቦ የቀረ ግራጫ ነገር ብቻ ነበር።

«አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«እሱ ራሱ።»

መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው «የቱ ጋ ነበር?» አሉ። እጃቸውን ይዤ ዓይኖቹ ወደነበሩበት፣ ጉንጩ ወደነበረበት ወሰድኩት። ሲሄዱ መዳፋቸው ጠቁሮ ነበር፤ አልጠረጉትም።

ደርግ ወድቆ የሌላው ሰው ልጅ ከየግንባሩ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። እትዬ የሺ የነበራቸው ፎቶ የልጅነቱ ብቻ ስለሆነ፣ እስኪሞቱ ድረስ እየደጋገሙ እንድሥልላቸው ለመኑኝ። ስንቴ ሞከርኩ። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ፊት ይሆንብኛል። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ቦሌ ልጄ ተከትላኝ ደጅ ወጣች። «አልወደድሽውም እማዬ?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ሠዓሊው ልጅ የሚሠራውን ያውቃል። ሥራ ማለፍ እንዳለበት እኔም በዚያ ዕድሜ ከልቤ አምኜ ነበር፤ ሰው ያልፋል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ስለ ሰሎሞን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ምን ይመስል ነበር ብላ እንዳትጠይቀኝ እፈራለሁ።