ጠብቆ ወይስ ላልቶ

መነጽር ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ለሚያዩ ሰዎች ሌንስ ስትሞርድ ትውላለች። ዓይነ ስውሩ ታናሽ ወንድሟ «እታለም፣ ከሱቅሽ ባዶ እጄን የምወጣ እኔ ብቻ ነኝ» እያለ ያሾፍባታል። እሷም ለሱና ለመሰሎቹ ጽሑፍን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ከሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር ናት። ፕሮግራሙ በነጻ ይታደላል፤ ኮዱንም የፈለገ ሁሉ አይቶ ያርመዋል። ድምፅ ሰጥተው መሪ ካደረጓት ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች።

የመጀመሪያውን ዓመት አታንሱባት። እያንዳንዷን እርማት እኔ ካላየሁ ብላ ሥራው ሁሉ ደጇ ላይ ተከመረ፤ ሰዉም ተሰላችቶ አንድ በአንድ ሹልክ ይል ጀመር። ሲገባት ግን እንዴት ገባት! ሥልጣኗን ቆርሳ አካፈለች። አዲስ እትም መቼ ይለቀቅ የሚለውን ለአንዲት ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ሰጠች። በደንባቸው መሪ የወከለችውን ሰው ማንሳት ትችላለች፤ ያልጣማትን ውሳኔ ግን መሻር አትችልም፤ ለመሻር ብላም ሰው አታነሳም። አንቀጹን ያስገባችው ራሷ ናት። ሰጥቶ ከመንሳት መጀመሪያውኑ አለመስጠት ይሻላል ባይ ናት፤ መከበሯም ለዚሁ ነው።

ፈተናው የመጣው በወንድሟ በኩል ነው። ጠበቃ ሆኗል፤ ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ይቆማል። አሮጌው እትም ረዥም ሰነድ ሲሰጡት መሃል ላይ ይዘጋል፤ ዶሴውን አንብቦ ለመጨረስ አዲሱ ያስፈልገዋል። መምህርቷ ደግሞ አልለቅም ብለዋል።

«መሪ አይደለሽ?» አላት ሱቋ ድረስ መጥቶ። «አንድ ቃል ብትናገሪ ምን አለበት? ዘመድ ለመቼ ነው?»

አንጀቷን በላት። መምህርቷ ዘንድ ደወለች። ልታዝ ነበር፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን አንቀጹ ትዝ አላትና ትእዛዙ ጥያቄ ሆነ።

«ምን አግኝተውበት ነው?»

«‹ይመታ ነበር› የሚለውን ሁልጊዜ አላልቶ ያነበዋል፣ ልጄ። ተደብዳቢውን ደብዳቢ ያደርገዋል።»

«እሺ። ውሳኔው የእርስዎ ነው» ብላ ዘጋችው።

ወንድሟ አኮረፈ። «በአንዲት ቃል ነው እንዴ ሰው የምታስጨንቁት? ከሐሳቡ እረዳው የለ!»

መሪነቷ ያልፈቀደላትን በእህትነቷ ልትሠራ ሱቋን ዘጋችና ዶሴውን ራሷ ታነብለት ጀመር። ገጽ በገጽ ላይ ሲደራረብ ጉሮሮዋ ደረቀ፤ ምላሷም ተሳሰረ።

«ምስክሩ ሲደርስ ተከሳሹ በዱላ ይመታ ነበር» ብላ አላልታ አነበበች።

ወንድሟ ከወንበሩ ተነሳ። «ምን? ደንበኛዬ ነው መቺው?»

ደንግጣ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደች። ደሙ የሚፈሰው ከተከሳሹ ራስ ነው።

«ጠብቆ ነው የሚነበበው» አለች አፍራ። «ያላላሁት እኔ ነኝ።»

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ሳቁ አመለጠው።

«ለእኚያ መምህር ንገሪያቸው፤ እስኪታረም እንዳይለቁት። አንቺንም ቢሆን አይለቁሽም ነበር!»