ለበልግ ዝናብ የታሰረ ስንቅ

ባሌን ጣሊያኖች የሰቀሉት ለጫካ ሰዎች በሶ አቀበለ ብለው ነው። እውነት ነው፣ አቀብሏል። በሶውን የፈጨሁትም እኔ ነበርሁ። ይህን እስከ ዛሬ አልጻፍሁትም፤ አሁን ግን ቀስ እያልሁ እጽፈዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከሁለት መስመር በላይ አልሄድም።

ኅዳር ላይ ነው፣ በቡሬ ገበያ፣ ከዋርካው ላይ። አስከሬኑን አልሰጡንም። ለእንዲህ ያለ ሰው ፍትሐት የሚያደርስ ቄስ ከጎኑ ይሰቀላል ተብሎም በገበያ ተለፈፈ። የነፍስ አባታችን እቤታችን መጥተው ከእኛ ጋር አለቀሱ እንጂ መጽሐፋቸውን አልገለጡም። አልተቀየምኋቸውም ብል ውሸት ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ፊደሉንም ዳዊቱንም ለእኔ አስተማሩኝ። ስለዚህ ያለ ፍትሐት የቀረች ነፍስ ምን እንደምትባል ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ባሌን እንደ ውሻ ጥለውት እንዲቀር ደግሞ አልፈቅድም። ላሊበላ ለመሄድ የቆረጥሁት በዚህ ነው። ለፋሲካ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ቄሱ ብዙ ነው፣ የቡሬን ዋርካ የሚያውቅ የለም። ግን ከሆሳዕና በፊት መድረስ ነበረብኝ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ክረምቱ ይገባል፣ ወንዞቹ ይሞላሉ፣ ዓመት መጠበቅ ይሆናል። ዓመት እንደምኖር ማን አረጋገጠልኝ?

ጎረቤታችን እማሆይ ሦስት ጊዜ ላሊበላ በእግራቸው ደርሰው የተመለሱ መነኩሲት ናቸው። ዘንድሮም ሊሄዱ ስለነበር አብሬ ልሂድ አልኋቸው። ጭነቴን ሊያዩ መጡ። ቁርበት፣ ትርፍ ቀሚስ፣ ድስት፣ ጋቢ፣ ዳዊቴን ከነማኅደሩ ደርድሬ ጠበቅኋቸው።

«ልትሳለሚ ነው ወይስ ልትኮበልዪ?» አሉኝ።

«መንገዱ ረጅም ነው ብለው የለም?»

«ረጅም ስለሆነማ ነው። ድስቱን ማን ሊሸከምልሽ ነው፣ እኔ?»

ድስቱ ወጣ፣ ቁርበቱ ወጣ፣ ትርፉ ቀሚስ ወጣ። የቀረው ጋቢው፣ ዳዊቱ፣ የውሃ ቅል፣ ለእግር የሚቀባ ጥቂት የኑግ ዘይት፣ ስንቅና ከሣር ተጎንጉኖ ለዝናብ የሚደረበው ገሳ ነው። መጽሐፉ የምንሄድበትን ወራት ፀደይ ይለዋል፣ ገበሬው በልግ ይለዋል። እማሆይ ግን ስሙን ሳይሆን ጠባዩን ነገሩኝ። «ክረምት መጣሁ ብሎ ነው የሚመጣ፣ ታውቂዋለሽ። ይኼ ግን ጧት ፀሐይ አሳይቶ ከሰዓት በረዶ ያወርድብሻል። ጋቢሽ ረጥቦ ጉና ተራራ ሥር ከደረስሽ በሕይወት አታድሪም። ከላይ ገሳ፣ ከገሳው ሥር ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር በሶ። በሶው ከረጠበማ ይሻግትና ለምነሽ ነው የምትበዪው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የሚሰጥ የለም።»

ከደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ ልንነሣ ተቀጣጠርን። ሦስት ቀን ገብስ ቆላሁ፣ ፈጨሁ፣ ጨው ጨመርሁበት፣ ሽምብራም ቆላሁ። አቅማዳው የባሌ ነው፤ ሳይነካ ከርሞ ቆዳው ደርቆ ይንቋቋ ነበር። ውሃ እንዳያሳልፍ በእጄ እያሸሁ አለሰለስሁት፣ በሶውንም ሞላሁበት። የዝናቡ ነገር ብቻ ነበር በሐሳቤ።

እሑድ አማቴ ገቡ። ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ መሄዴን ከሰሙ ጀምሮ አኩርፈውኛል። አቅማዳውን ዳሰሱት፣ ጣታቸውን አሸተቱ።

«በምንድን ነው ያለፋሽው?»

«በቅቤ» አልሁ፣ ከዚያም አፌን ያዝሁ።

«በሁዳዴ?» አሉ። «በቅቤ የራሰ ስልቻ ውስጥ የጾም በሶ? ያ ሁሉ ዳዊት ይኼን አላስተማረሽም?»

አቅማዳው ውስጡ ድረስ ወዝቷል፤ በሶውም ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ሁሉም ፍስክ ሆኗል። ባሌ ቢኖር፣ የመጽሐፍ ሴት እንዲህ ናት ብሎ እስኪያነባ ይስቅብኝ ነበር።

«እግዜር ነው ያስቀረሽ» አሉ አማቴ። «ልጄን ወሰዱብኝ፤ አንቺን ደግሞ መንገድ ሊበላሽ? ተይው፣ ቅሪ።»

«እግዜር ቅቤ አልቀባም፣ እናቴ። የቀባሁት እኔ ነኝ። እንደገና እፈጫለሁ።»

«ቀኑስ?»

«ቀኑ ይጠባል እንጂ አያልቅም።»

አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወፍጮው ፊት ተንበረከኩ። «ገብሱን ቁዪልኝ» አሉ። «የልጄ ፍትሐት አይደል።» ጉልበታቸው ከታመመ ስንት ዓመቱ ነው። ተነሡ ብላቸውም አልተነሡልኝም። የፍስኩ በሶ ለፋሲካ ይቀመጥ ተባለ፤ እማሆይም ሳይቀባ የቆየ ሌላ አቅማዳ ሰጡኝ፣ እሱን በኑግ ዘይት አሸሁት።

ሰኞ አማቴና እማሆይ ሲፈጩ እኔ የሁለታችንን፣ የእኔንና የእማሆይን፣ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ሄድሁ። ያለ ወረቀት ከቡሬ መውጣት አይቻልም። ፈረንጁ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ቆሟል።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ላሊበላ። ለፋሲካ።»

«ባልሽ ፈቀደልሽ?»

ልቅሶ ላይ መሆኔን ከልብሴ ያያል። «ባሌን ከዋርካው አውርዳችሁ የት እንደጣላችሁት ብትነግሩኝ፣ ሄጄ አስፈቅደው ነበር» አልሁት።

ፈረንጁ ምን አለች ብሎ ጠየቀው መሰለኝ። አስተርጓሚው መሬት መሬት እያየ አንድ አጭር ነገር መለሰለት፤ እኔ ያልሁትን እንዳልሆነ ታወቀኝ። ወረቀቱ ተጻፈ። «እስከ ፍኖተ ሰላም ነው» አለኝ ሲሰጠኝ። «ስንቅ የሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ ካለፈ ለማን እንደምትወስጂው እኛ እናውቃለን።» በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ማንበብ አልቻልሁም። ፊደል ካወቅሁ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ማይምነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በሦስት ቀን ስንቅ ላሊበላ አይደረስም። በአቅማዳው የሦስት ቀኑን ብቻ አስቀርቼ፣ የቀረውን ከአሮጌ ቀሚስ በሰፋሁት ጠባብ ከረጢት ሞልቼ በወገቤና በጀርባዬ ጠመጠምሁት። ገሳውን ስደርብበት አይታወቅም። ግን በፀሐይ ገሳ ለብሳ የምትሄድ ሴት ማን ዝም ይላታል? ስለዚህ ሁሉም ተሳላሚ ሰማዩ እንዲጠራ ሲለምን እኔ እንዲጠቁር ለመንሁ። ረቡዕ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ሰማዩ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ዋለ። አማቴ በየደቂቃው ደጅ እየወጡ ያንጋጥጡ ነበር። «ሲፈለግ አይመጣ» ይላሉ ተናደው። እኔ ደግሞ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ እስከ ሆሳዕና የቀረው አሥራ ስምንት ቀን ነበር።

ሐሙስ ከእኩለ ቀን በኋላ ነጎድጓዱ ጀመረ። በረዶው ወረደ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሮጥ እኔና እማሆይ ወጣን።

ኬላው ላይ ወታደሩ ከቆርቆሮው ሥር ተጠግቷል። ወረቀቱን እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ። «በዚህ ዝናብ?» አለ። «ምን ይዛችኋል?»

እማሆይ ከፊቴ ገቡ። «ልጄ፣ ና ውጣና ፈትሸን። እኛ እንደሆን አንዴ ረጥበናል፤ አንተ ነህ ደረቁ።»

ወታደሩ ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ። ወረቀቱን መለሰልኝና በእጁ ሂዱ አለን።

ፍኖተ ሰላም ዳር ስንደርስ ወረቀቱ የፈቀደልን መንገድ አለቀ። ከተማውን በላህ ወንዝ በኩል ዞረን አለፍነውና በአዴት አድርገን ጢስ ዓባይ ከድንጋዩ ድልድይ ደረስን። ስለ መንገዱ ብዙ አልጽፍም፤ እግር ያብጣል፣ ይፈርጣል፣ ይደርቃል። ጉና ሥር በረዶው እማሆይ እንዳሉት መጣ። ገሳው ሥር ተኮራምተን አደርን። በሶው አልረጠበም።

ላሊበላ የገባነው በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ሰው ተሰልፎ የሙታኑን ስም ለፍትሐት ያስመዘግባል። ሽማግሌ ቄስ ብራናቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይጽፋሉ። ተራዬ ደረሰ።

«ምንሽ ነው?»

«ባሌ።»

«በምን ሞተ?»

«ጣሊያን ሰቀለው። ፍትሐትም ከለከሉት።»

ቄሱ ግራ ቀኝ አዩ፣ ጎንበስም አሉ። «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊው፣ ልጄ። እዚህም ጆሮ አለ። የክርስትና ስሙን ጠጋ ብለሽ ንገሪኝ።»

«በሹክሹክታ ልነግርዎ ከሆነ ቤቴ እቀመጥ ነበር፣ አባቴ» አልሁ።

ከኅዳር ጀምሮ በቤታችን ያንን ስም ከትንፋሽ በላይ ያወጣው የለም። ቀና ብዬ ቆምሁና ጮክ ብዬ ጠራሁት። ሰልፉ ዞሮ አየኝ። እንደገና ጠራሁት። ከኋላዬ የማላውቃት ሴት «ነፍሱን ይማር» አለች፣ ሌሎችም ተቀበሏት። ሽማግሌው ቄስ ብዕራቸውን ከቀለም ነከሩና ስሙን ጻፉት፤ እኔም ፊደሉን አንድ በአንድ እያነበብሁ ሳይሳሳቱ መጻፋቸውን አየሁ።