ድምፅ የሌለው ኮሮጆ

ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ በገባን በስምንተኛው ዓመት ጎረቤታችን የነበሩት አሜሪካዊ ሽማግሌ ቀስት አስለመዱኝ። ቀስት ስል መዘውርና ብዙ ገመድ ያለውን ዘመናዊውን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ሽማግሌው በስሙ መጥራት እንኳን አይወዱም ነበር። የእሳቸው ቀስት አንድ እንጨትና አንድ ጅማት ነው፣ በቃ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እረፍት ስለነበረኝ ከሐይቁ አጠገብ ወዳለው የቀስት ሜዳ አደርሳቸው ነበር። ዝም ብዬ ቆሜ ከማይ ብዬ አንድ ቀን አንድ ፍላጻ ወረወርኩ። ዒላማውን ስታ ሣር ውስጥ ጠፋች፤ እሷን ስፈልግ እኔም በዚያው ቀረሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ የሽማግሌው ጉልበት ተበላሸ። ኦፕራሲዮኑ ለታኅሣሥ ተቀጠረ። ሐኪሙ «ከዚያ በኋላ ተራራ የሚባለውን ይርሱት» አላቸው። ሴት ልጃቸው ደግሞ «ከዚያ በፊትም ቢሆን ብቻዎን አይሄዱም» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። እንግዲህ የቀራቸው አንድ መስከረም ብቻ ነበር። ኤልክ በቀስት የሚታደነው በመስከረም ነው፤ ኤልክ ማለት አጋዘን ሆኖ ቁመቱ ፈረስ የሚያህል ነው። አብሯቸው ሊሄድ የሚችል፣ የአደን ላይሰንስ ያወጣ፣ ሥጋ ተሸክሞ ቁልቁለት የሚወርድ ጀርባ ያለው ሰው ደግሞ ከእኔ ሌላ አልነበረም።

«እወስድሃለሁ» አሉኝ። «ግን ትጮኻለህ።»

አፌን ማለታቸው መስሎኝ ነበር። በእሱ ቢከሱኝም ሚስቴ ቀርባ ትመሰክርላቸው ነበር። እሳቸው ግን ያመለከቱት ጀርባዬን ነው፤ እዚያ ላይ ያንጠለጠልኩትን የፍላጻ ኮሮጆ።

«ከሚንኳኳ ሰው ጋር ተራራ ከምወጣ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ባይ ይሻለኛል።»

የሚቀልዱ ሰው አይደሉም። እኔ ድምፅ የሌለው ኮሮጆ ካላገኘሁ የመጨረሻ መስከረማቸው ሶፋ ላይ ሊያልቅ ነው። ይኼ ነገር ሥራ ላይ ሳይቀር ያሳስበኝ ነበር። ከተርሚናል ተርሚናል ስመላለስ ተሳፋሪው ስለ ሻንጣው ይጨቀጭቀኛል፣ እኔ ስለ ኮሮጆ አስባለሁ።

ፈተናቸው ቀላል ነበር። ከሰፈራችን ጀርባ ባለው የእግር መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። እሳቸው እዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ እኔ ከኋላቸው ባለው ረጅም ሣር ውስጥ እየተራመድኩ እመጣለሁ። ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንድ ጣት ያነሳሉ። መጀመሪያ የእግሩን አረማመድ አስተማሩኝ፤ የእግርን ጠርዝ ቀድሞ ማሳረፍ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ውስጡን፣ በመጨረሻ ክብደቱን። እሱን ቶሎ ያዝኩት። ኮሮጆው ግን ጉድ ሠራኝ። የመጀመሪያ ቀን አሥሩም ጣት አልቆባቸው፣ እጃቸውን አጥፈው እንደገና ከአንድ ጀመሩ።

የጀርባው ኮሮጆ ሰፊ ስለነበር ፍላጻዎቹ እርስ በርስ ይማቱ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ያለ ማንኪያ በሉት። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ስል ስድስቱም በአናቴ ላይ አልፈው አስፋልቱ ላይ ተዘረገፉ። ሁለት ሯጮች ቆመው አዩኝ፤ እኔም እንደ ጨዋ ሰው ሰላም አልኳቸው። ቀጥሎ ወገብ ላይ የሚታሰረውን ገዛሁ። እሱ ቁጥቋጦ ሁሉ እየያዘ ይጎትተኛል፣ ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኛል፣ ስሄድ ጭኔን በጥፊ ይመታኛል። ሦስተኛው ከቀስቱ ጋር የሚገጠም ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ሲሄዱበትም ጸጥ ያለ ነው። ግን ጅማቱን ስለቅ ቀስቱ በሙሉ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ይርገበገባል።

«ያ ድምፅ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ኮሮጆዬ ነው።»

«ኤልክ ጆሮ እንዳላት ነግሬህ የለም?»

የራሳቸው ኮሮጆ የቆዳ ነበር፤ ጠባብ፣ ከአገልግሎት ብዛት የጠቆረ፣ ጀርባቸው ላይ ያለ የማይመስል። ባየሁት ቁጥር እቀናለሁ። እንደሱ ያለ አሁን የሚሠራ የለም፣ የሠራላቸውም ሰው ሞቷል።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ነው መልሱ ከገዛ ኩሽናዬ የመጣው። ሚስቴ ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ ሊያርሷት ከአገር ቤት ሊመጡ ነው፤ ከራሳቸው በፊት ደግሞ በሰው አንቀልባ ልከውላታል። በቅቤ የለፋ ቆዳ፣ ዳር ዳሩን ዛጎል የተሰፋበት፣ ማንገቻው የደረት ላይ ቋጠሮ ያለው። የመጀመሪያዋን ልጃችንን በስትሮለር ነው ያሳደግናት። ሚስቴም እናቷ መጥተው ሳታውቂበት ቀረሽ እንዳይሏት ፈርታ፣ የሩዝ ከረጢት አዝላ ቤት ውስጥ ትለማመድ ነበር።

እኔ ሶፋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ተጋድሜያለሁ። በአጠገቤ አልፋ ወደ ኩሽና ስትሄድ የሰማሁት ቅጭል ቅጭል የሚል የዛጎል ድምፅ ብቻ ነው። የዚያ ሁሉ ሩዝ ክብደት፣ የቆዳው፣ የማንገቻው፣ ምንም። ሳላስበው አንድ ጣቴን አነሳሁ። ከዚያ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

«እስቲ አንዴ አውልቂው።»

«ምን ልታደርገው?»

«ትራይ ላድርገው።»

«አንተ! የልጄን አንቀልባ? ቀስት ልታዝልበት?»

«ቀስት አይደለም፣ ፍላጻ ነው።»

ይኼ መልስ አልረዳኝም። ግን ሽማግሌውን ትወዳቸዋለች፤ በረዶ በወረደ ቁጥር ከእኔ ቀድመው የእኛን ደጅ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። የጉልበታቸውን ነገር ነገርኳት። ከዚያ በነርሲንግ ሆም ሥራዋ የለመደችውን ድምፅ አወጣች፣ በሽተኛ የሚታዘዘውን። አንደኛ፣ አንዲት ጭረት እንዳላይ። ሁለተኛ፣ እናቴ ሳትመጣ ቤት ይግባ። ሦስተኛ፣ ያልተባረከ ሥጋ ደጄን አያልፍም።

«ስለቅ በስመ አብ እላለሁ።»

«ጮክ ብለህ?»

«በልቤ። ሰውየው ድምፅ አይወዱም።»

ዛጎሎቹን መፍታት የማይታሰብ ነው፤ እናቷ በእጃቸው የሰፏቸው ናቸው። ስለዚህ ከአሮጌ ጋቢ ቀድዳ አለበሰቻቸው። እኔ ደግሞ የፍላጻዎቹ ስለት ቆዳውን እንዳይነካ የፕላስቲክ የቡና ጣሳ ውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ጠቅጥቄ፣ ስለቶቹን እሱ ውስጥ ሰክቼ፣ ጣሳውን ከነፍላጻው እንደ ሕፃን አንቀልባው ውስጥ አስተኛሁት። እሷ አዘለችኝ፤ ማለቴ በጀርባዬ አሰረችልኝ። ትከሻ አይቆርጥ፣ ጎን አይወጋ። ዘለልኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ «ዳዲ፣ ዌር ኢዝ ዘ ቤቢ?» አለች።

በማግስቱ አግዳሚው ወንበር ጋ ሄድን። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ከሣሩ መጨረሻ ተነሳሁ። ጣታቸውን እያየሁ ነው የምራመደው። አልተነሳም። ግማሽ መንገድ ደረስኩ፣ አልተነሳም። ኋላቸው ደርሼ ቆምኩ። ትንሽ ጠብቀው፣ «በል ጀምር እንጂ!» ብለው ወደ ሜዳው ጮኹ። ትከሻቸውን ስነካቸው ከወንበሩ ሊወድቁ ነበር። ከዚያ ዞረው አንቀልባውን በእጃቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱትም።

«ቅቤ ነው?»

«ቅቤ ነው።»

«አርብ እንሄዳለን» አሉኝ። ዜግነት የወሰድኩ ዕለት እንኳን እንዲህ ደስ ብሎኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ከዴንቨር ሦስት ሰዓት ነድተን ተራራው ሥር ፓርክ አደረግን። ሚስቴ እቤት ሳለን አንቀልባውን እንዴት እንደምታስር ደጋግማ አሳይታኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ልክ እንዳሳየችኝ አሰርኩት፤ በደረት አጣልፎ፣ ሁለቴ ቋጥሮ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ። የሽማግሌው ሕግ ሲራመዱ ፍላጻ ከኮሮጆ አይወጣም የሚል ነው፤ የተደናቀፈ ሰው በራሱ ስለት እንዳይቆረጥ። እየሄድን፣ እያረፍን፣ ጉልበታቸውን እያሳረፍን፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ የዛፍ ጥግ ደረስን። እሳቸው የወደቀ ግንድ ተደግፈው ተቀመጡና በእጃቸው ወደፊት አሳዩኝ። የመጀመሪያው ዕድል ያንተ ነው ማለታቸው ነው።

ገና ቆም ከማለቴ፣ ፍላጻም ሳላወጣ፣ አንዲት ኤልክ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለች። ሃያ እርምጃ ብትርቅ ነው። ሣር ታኝካለች፤ ሰው ከፊቷ መቆሙን ፈጽሞ አላወቀችም።  በልቤ በስመ አብ ብዬ እጄን ወደ ኋላ ሰደድኩና የፍላጻውን ጭራ ያዝኩ። ሳብኩ።

አልወጣም።

ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ። አንቀልባው አልላወስ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ሳምንት የፈተንነው ድምፁን ብቻ ነው! እኔም፣ ሚስቴም፣ ሃምሳ ዓመት ያደኑት ሽማግሌም አንድ ፍላጻ እንኳን አውጥተን አላየንም። አንቀልባ የሚታሰረው ደግሞ እናት ውኃ ልትቀዳ ብታጎነብስ፣ እንጨት ብትለቅም፣ ብትሮጥ እንኳን የታዘለው እንዳይወጣ ነው። ሚስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችውን አሳየችኝ፣ እኔም ጎበዝ ተማሪ ሆኜ አሰርኩት። ስፖንጁ ከታች ነክሶ ይዟል፣ ቆዳው ከላይ አቅፎ ይዟል። ስስብ እኔው ራሴ ወደ ኋላ እዞራለሁ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። ኤልኳ ማኘኳን አቆመችና በትዝብት አየችኝ።

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ፤ እንዲወረውሩ ልለምናቸው። ፍላጻቸው ቀስታቸው ላይ ነበር። ግን ቀስቱ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ትከሻቸውም። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወርዷል። ባርኔጣቸውን ነክሰው ይስቁ ነበር፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ኤልኳ ሳትቸኩል ሄደች።

ቋጠሮውን ለመፍታት የሁለታችንም እጅ አስፈለገ። አንቀልባው ለምን እንደተሠራ ስነግራቸው ደግሞ እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ተራራው ሁሉ ሰማ። በሁለቱ ቀን ውስጥ ሌላ ኤልክ አላየንም።

በመልሱ መንገድ እኔ ሳቁ ጠፋብኝ። የመጨረሻቸው ነበር፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አፍኜ መያዝ አልቻልኩም፣ እንደዚያው ነገርኳቸው። 

«አብሮኝ ያደነ ሰው ሁሉ ጫጫታው ያሳብደኝ ነበር» አሉ። «ወንድሜ፣ ልጄ፣ ሁሉም። አንተ ከኋላዬ መኖርህን ለማወቅ ዞሬ ማየት ነበረብኝ። ሃያ እርምጃ ላይ ቆመህ አላወቀችህም። እሱን አይቻለሁ።»

አንቀልባው ያለ ጭረት ቤቱ ገባ። ልጁ በጥቅምት ተወለደ፣ አማቴም መጡ። ዛጎሉን የሸፈነውን ጋቢ ራሳቸው ተርትረው አወጡና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ሚስቴ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሕፃኑ አልቃሻ ሆነ፤ ሆዱን ነፍቶት ቀን ከሌት ይጮህ ነበር። ከኦፕራሲዮናቸው በፊት በነበረው ሳምንት ሽማግሌው ሊጠይቁን መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበሉኝ። ስፈታው የቆዳ ኮሮጇቸው ነው። ባዶውን።

«ይኼኛው ያወጣል» አሉኝ።

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሳቁም።  እኔ ኮሮጆውን ታቅፌ ስቆም ልጁ ጩኸቱን ቀጠለ። አማቴ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው ለኩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጀርባቸው ደልዳላ ነው። ይዙሩልኝ በላቸው።»

ተረጎምኩላቸው፣ ዞሩ። አማቴ ልጁን ጀርባቸው ላይ አደረጉት፣ አንቀልባውን ጫኑበት፣ ማንገቻውን በደረታቸው አጣልፈው ሁለቴ ቋጠሩት። ሽማግሌው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ መራመድ ጀመሩ። በዚያ በታመመ ጉልበት፣ መጀመሪያ የእግራቸውን ጠርዝ፣ ከዚያ ውስጡን፣ በመጨረሻ ክብደቱን፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ። እኔ ስረግጠው ሲጢጥ የሚለው ወለል ዝም አለ። ልጁም ዝም አለ።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ። ረጅም ጊዜ አዳመጥኩ፤ አንድም ጣት አላነሳሁም።