ምንይሉ ተጫዋች የተባለበት ቀን

ጌም ቤት ውስጥ የወንድሜን የምንይሉን ያህል የቆየ የለም፤ ተጫዋች ግን አይባልም። የቀኝ አውራ ጣቱ ብየዳ ሲሠራ ተቃጥሎ ደርቋል፤ አይታጠፍም። የቴሌቪዥኑን የኳስ ጨዋታ መጫወት ሲያቅተው በኮምፒውተር ውስጡን ከፍቶ መቀየር ጀመረ። እነሱ ሞድ ይሉታል። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ እንኳን፣ በራፉ ላይ ሻይ እየሸጥኩ ሳየው ገብቶኛል፤ የውጭዎቹን ቡድኖች አውጥቶ የኛን ያስገባል። ዝቋላን፣ ጋዝጊብላን፣ አበርገሌን ከነማልያቸው አስገባ። የሰቆጣን ሜዳ ከነአቧራው ሠራ። እዚያ ተጎልቶ የሚውለውን ሥራ ፈት ሁሉ በስሙና በመልኩ ቴሌቪዥን ላይ አስሮጠው። ሦስት ወር ፈጀበት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ጨዋታ የሚከፍት ጠፋ። ሁሉም ራሱን ሲያይ ይውላል። ካሤ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ አለ፤ ራሱን ያየ ቀን ጮኸ።

«ምንይሉ! ለምንድን ነው እንዲህ የምጎተተው?»

«ቅዳሜ ሜዳ ላይ ስትሮጥ አይቼህ ነው።»

«ፍጥነት ጨምርልኝ። ቦርጩንም ቀንሰው።»

ፍጥነቱን ጨመረለት። ቦርጩን ተወው።

ለሻደይ በዓል ሰሞን የጌም ውድድር ሲታሰብ መዝጋቢው ካሤ ሆነ፤ ቢሮ የለመደ ሰው ወረቀት ካልያዘ ያመዋል። የተጫዋቾች ስም ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ምንይሉ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስሙ የለም።

«ጌም ማለት መጫወት ነው» አለው ካሤ። «አንተ ጠጋኝ ነህ። ጫማ የሰፋ ሁሉ ኳስ ተጫዋች ነው እንዴ?»

ሳቁ። እሱ በሠራላቸው ሜዳ ላይ እየተጫወቱ ሳቁበት።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። «አንተ ካሤ፣ የሻደይ ልጃገረዶች ቤት ለቤት ጨፍረው ያገኙትን ሲካፈሉ፣ ከበሮ የመታችውን አልጨፈርሽም ብለው ያስቀሯታል?»

«እትዬ፣ ይሄ የሴቶች ጨዋታ አይደለም።»

«እሱማ አይደለም። እነሱ ቆመው ነው የሚጫወቱት።»

ከሁሉም ወገን መወደድ የሚፈልገው የቤቱ ባለቤት ቢያዝን መሀል ገባ። «በቃ፣ አንድ ግጥሚያ ይጫወትና ይመዝገብ» አለ። አስታረቅሁ ብሎ ደስ አለው።

«ተው» አልኩት ወንድሜን። «ጣትህን ያውቃሉ። ሊስቁብህ ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እህቴ።»

ከካሤ ጋር ተቀመጠ። አውራ ጣቱ እምቢ ስላለው ቁልፉን በመዳፉ ጎን ይጫናል፤ ተከላካዮቹ ወደ ራሳቸው ጎል ይሮጣሉ። ዘጠኝ ለባዶ አለቀ። ስድስቱን ያገባው፣ ወንድሜ ራሱ ፍጥነት የጨመረለት ያ ባለ ቦርጭ ካሤ ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ካሤ እስክሪብቶ አውጥቶ ከዝርዝሩ ግርጌ «ምንይሉ» ብሎ ጻፈ። የሌሎቹ ከነአባት ስማቸው ነው፤ የሱን አልጠየቀውም። ሦስት ወር የደከመበት ሥራ ከሰው አልቆጠረውም፤ አሥር ደቂቃ መሸነፉ ቆጠረው። ፈራጆቹ እነዚህ ናቸው እንግዲህ፤ የተማሩት።

ተናዶ ይወጣል ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱ ፊት ቆሞ ፈገግ አለ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት» አልኩትና ብርጭቆዎቼን መልሼ ደረደርኩ።