የባቡሩ አደራ

ሰሞኑን የወረዳው ልጆች ከቤታችን በታች ለችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የአፈሩ ሽታ ደጃፌ ድረስ መጣ። ጥቁር፣ ቅቤ የጠጣ የሚመስል አፈር። ሰባ ልደፍን ነው፤ ያ መሬት ሲቆፈር ሳይ ግን ነፍስ ካወቅሁ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ይህን ሽታ እንደጓጓች ሞተች።

የወተት ጥርሴ ገና በሚነቃነቅበት ጊዜ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ባለሦስት እግር መነጽር የተሸከሙ ሰዎች መጡና ባቡር ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ ያልፋል ብለው ቀይ ችካል እየተከሉ ሄዱ። ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን በምን ጉልበቱ እንደሚወርድ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጉብታውን ቆረጡ፣ ረባዳውን በድንጋይ ሞሉ፤ የእኛ ገብስ መሬት ግን ለጥ ያለ ስለ ነበር ዶማ ሳይነካው ችካል ብቻ ተተከለበት። መሐንዲሱ ሲሰናበት አባቴን፣ «እንግዲህ አደራ፣ እስክመለስ ይቺን መሬት» አለው። መቼም ሰው ሲለያይ የሚለውን ነው ያለው፤ በቅሎው ላይ ሳይወጣ ረስቶት ይሆናል። አባቴ ግን አደራ ተብሎ እንዴት መሬቱን ይረስ?

ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት ባቡር መጠበቅ ሥራ ሆነ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር አባቴ የዘመመውን ችካል ያቀናል፣ የበሰበሰውን በወይራ ይተካል፣ ቀለም ስለሌለው በቀይ አፈር ይቀባል፣ ባቡሩን እንዳያደናቅፈው ጠጠር ይለቅማል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሽማግሌዎቹ ባቡር ሰንበትን ይሽራል አይሽርም ብለው ሲከራከሩ ዋሉና፣ የኔታ «ይለፍ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ግን እንዳይጮኽ» ብለው ቋጩት።

እናቴ ሰኔ በመጣ ቁጥር ዘሩን ታቅፋ ዳሩ ላይ ትቆማለች። «አንተ ሰውዬ፣ ባቡሩ ቢመጣ ገብስ ይበላል?»

«አደራ ነው» ይላታል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ያንን የመሰለ መሬት ሣር ለብሶ እያየነው ጎመን ቀቅለን በላን። ጎረቤቶቻችን ሁለት ክረምት ታገሡና ችካሉን ነቅለው አነደዱት፤ እስከ ድንበራችን ድረስ አርሰው ገብሳቸው ሲዘናፈል «ባቡሩ ዛሬም አረፈደባችሁ?» እያሉ ያልፋሉ። እኔም መሬቱ በእጄ ሲገባ በማግስቱ ነው የማርሰው ብዬ ማልሁ።

አባቴ ሲሞት በሬዎቼን ጠምጄ ወረድሁ። ችካሎቹ ላይ የቀባው ቀይ አፈር ገና አልለቀቀም፤ የጣቶቹ ፈለግ ይታያል። ቆሜ ቆሜ ተመለስሁ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ በየሰኔው የእናቴን ጥያቄ ቃል ሳታዛንፍ ትጠይቀኛለች።

ዘንድሮ ደግሞ ወረዳው መጣ። የባቡሩ መስመር የመንግሥት ነው፣ ዛፍ ተተክሎበት ከከተማ የሚመጣ ሰውና ቱሪስት የሚንሸራሸርበት አረንጓዴ መንገድ ይሆናል ተባለና፣ ስድሳ ዓመት አርሶ የበላው ጎረቤትም፣ አንድ እፍኝ ያልቀመስሁት እኔም፣ በአንድ ወረቀት ተነሣን። ባለሙያው ልጅ የእኛን ቁራጭ በስልኩ ፎቶ እያነሣ፣ «አባባ፣ ይቺ ቦታ ሰው ያልነካት ናት፤ ተፈጥሮ ራሷ ጠብቃት ነው» ብሎ አስተማረኝ። ተፈጥሮ ጠጠር ስትለቅም አላየሁም።

ባቡሩ እንደሆነ አይቼው ስለማላውቅ አይናፍቀኝም። የሚቆጨኝ አንድ ክረምት ነው፤ እናቴ ከዚያ መሬት በሁለት እጇ እሸት የምታፍስበት አንድ ክረምት ብቻ።

ልጁ ባጃጁ ላይ ከወጣ በኋላ ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ እንግዲህ አደራ፣ ችግኞቹን» አለኝ።

በዚህ ቤት ይህን ቃል አትናገር ልለው አፌን ስከፍት ባጃጁ አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ጥጃችን አንገቷን ወደ አንዱ ችግኝ አስግጋለች። ባለቤቴ ከደጃፍ ቆማ እያየችኝ፣ በትሬን አንሥቼ ወረድሁ።